የፓርት ታይም መምህራን የቴሌግራም ግሩፕ፦ የእናንተ በምን ነፍስ ዘራ?

የማታ_ፈረቃ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

ሰላም መምህራን፣ እንዴት አመሻችሁ።

ቀን ቀን ቢሮ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ኤክስቴንሽን አስተምራለሁ። ኮስት አካውንቲንግ ነው የምሰጠው። ፓርት ታይም። ይኼ 6ኛ ሴሚስተሬ ነው።

ከእኔ በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ኢኮኖሚክስ የምታስተምር መምህርት አለች። እሷ ስትወጣ እኔ እገባለሁ። በር ላይ «እንዴት አመሸሽ፣ እንዴት አመሸህ» ተባብለን እንተላለፋለን። የእጅ ጽሑፏን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ስሟን ግን አላውቅም። ሰሌዳ አጥፍታ አትወጣም። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ክፍለ ጊዜዬን የምጀምረው የእሷን ግራፍ በማጥፋት ነው። (ይኼ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ፓርት ታይመሮች ወንበር የለንም። ስታፍ ሩሙ የፉል ታይሞቹ ነው። ማርከርና ዳስተር በቦርሳ ይዘን ነው የምንዞረው። ፈተና የምናርመው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። የግሬድ ማስገቢያ ቀን ሲቀየር የምንሰማው ከተማሪ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ ሠርቼ በስም የማውቀው ጥበቃውን ብቻ ነው።

ስለዚህ መስከረም ላይ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። የሁሉንም ስልክ ከዲፓርትመንት ኃላፊው ለምኜ 34 ሰው አስገባሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ሲል! ሰው ራሱን አስተዋወቀ፣ አበባ ተላከ፣ ጭብጨባ ተላከ። አሁን ገብታችሁ ብታዩት ያለው «እንኳን አደረሳችሁ»፣ የአንድ ሰውዬ የሚሸጥ ቪትዝ፣ ከዚያ እኔ የጻፍኩት «ሰላም ናችሁ?» ነው። 29 ሰው አይቶታል፤ ቴሌግራም ይቆጥርልሃል አይደል። አንድም ሰው አልመለሰም።

የእናንተ እንዴት ነው? በምን ያዛችሁት? ልዘጋው ነው ልዘጋው ነው እያልኩ አልጨከንኩም።

---

ጠመኔ_በኪሴ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:38

ወንድሜ፣ «ሰላም ናችሁ» ስለተባለ ሰው አያወራም። ሰው የሚያወራው የቸገረው ነገር ሲኖር ነው።

የኛም እንደዚሁ በድን ሆኖ ነበር። የተነሳው በአንድ ቅዳሜ ነው። ከአዳማ እየተመላለሰ የሚያስተምር ልጅ አለ። መኪና መንገድ ላይ ተበላሸበት። ግሩፑ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሞጆ ጋ ቆሜያለሁ። 9 ሰዓት ክፍል አለኝ፣ 40 ተማሪ። ኮሌጁ አካባቢ ያለ ሰው አለ?» ሰዓቱ 8:35 ነው። ሁላችንም አየን። ሁላችንም ዝም። ከዚያ ስታትስቲክስ የምታስተምር ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ ጽፋ የማታውቅ፣ «ታች ካፌ ቁጭ ብዬ እያረምኩ ነው። የት ደርሳችኋል?» አለች። «ቻፕተር 3፣ ስላይድ 14» አላት። ስላይዱን ላከላት። ወጣችና ገባችላቸው።

ፉል ታይም የሆነ ሰው ይኼ ምን እንደሆነ አይገባውም። እኛ ካልገባን ያ ሰዓት አይከፈለንም። ሜካፕ (የማካካሻ ክፍለ ጊዜ) ለማድረግ ደግሞ ክፍል ፈልግ፣ ሬጅስትራር ለምን፣ ተማሪ አስማማ። ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያቅድ ብድር ጀመርን። አንድ ሰዓት የተካህን ሰው አንድ ሰዓት ትተካዋለህ። ገንዘብ አይነሳም። ማን ለማን ስንት ሰዓት እንዳለበት አንዱ በየሳምንቱ ጽፎ ፒን ያደርጋል። የሰዓት ዕቁብ በለው። ለሰላምታ የማይጽፍ ሰው ለዕዳው ይጽፋል። እዳ ያለበት ሰው ግሩፕ ለቆ አይወጣም፣ ነውር ነዋ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የምትቀርበት ቀን ሲመጣ ኃላፊው ጋ አትደውል። እዚያ ጻፍ።

---

ጥቁር_ሰሌዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:51

አንድ ጥያቄ ብቻ። ኃላፊው ግሩፑ ውስጥ አለ?

---

የማታ_ፈረቃ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:55

አለ። ስልኮቹን የሰጠኝ እሱ ስለሆነ አድሚን ጭምር አድርጌዋለሁ። መተው ነውር መሰለኝ።

---

ጥቁር_ሰሌዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:56

በል እንግዲህ በሽታው ተገኘ።

---

ኮርስ_ኦፈሪንግ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:20

ያ ኃላፊ እኔ ነኝ። (የሱ አይደለሁም፣ የሌላ ኮሌጅ ነኝ። አትደንግጥ።)

ከኛ ወገንም ይሰማ። ቀድሞ የፈተና ፕሮግራም በተቀየረ ቁጥር 30 ሰው ጋ አንድ በአንድ እደውል ነበር። ግማሹ ቢሮው ስብሰባ ላይ ነው፣ ግማሹ አያነሳም። ግሩፕ ሲከፈት ለኔ ዕረፍት ነበር። ግን እኔ «ክቡራን መምህራን፣ የሚድ ውጤት እስከ አርብ…» ብዬ ስለጥፍ፣ ከሥር «እሺ» «እሺ» «እሺ» ይደረደራል። 26 «እሺ»። ከ«እሺ» ውጪ ማንም ቃል አይተነፍስም። ቦታው ቢሮ ሆነ ማለት ነው።

አንድ መምህርት በጨዋነት «ቻናል ቢከፈት አይሻልም?» አለችኝ። ገባኝ። ቻናል ላይ የሚጽፈው አድሚን ብቻ ነው። ፕሮግራም፣ የግሬድ ቀን፣ የክፍል ለውጥ እዚያ እለጥፋለሁ። ግሩፑን ለእነሱ ትቼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የወጣሁ ዕለት ቅር ብሎኛል። ከኔ ጀርባ ምን ሊያወሩ ነው ብዬ። ያወሩ ይሆናል፣ ያውሩ። እኔም እኮ ፓርት ታይም ሆኜ ስለ ኃላፊዬ አውርቻለሁ።

የሚገርመው ነገር፣ ከወጣሁ በኋላ ቻናሉን በደንብ ማንበብ ጀመሩ። አዲስ ሰው ሲቀጠር ደግሞ ፕሮጀክተሩ የት እንዳለ፣ የትኛው ክፍል ሶኬቱ እንደማይሠራ፣ ጥያቄ ወረቀት የት እንደሚባዛ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ያን ሥራ እኔ ሠርቼው አላውቅም ነበር። ማንም ሠርቶት አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ አባል የቆየውን ጽሑፍ እንዲያይ ወይም እንዳያይ ማድረግ ይቻላል። ቀድማችሁ ወስኑ። አዲስ የገባ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ስለሱ አጎት የተባለውን አንብቦ አይቻለሁ።

---

ሁለት_ካምፓስ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:05

ወንዶቹ ስለ አድሚን ስትጨነቁ እኔ ሌላ ነገር ላንሳ።

የኛ ግሩፕ 27 ሰው ነው፣ ሴት 3። በገባሁ በሳምንቱ ማታ 5 ሰዓት ላይ ኢንቦክስ መጣልኝ። «መምህርት፣ ትምህርቱ እንዴት ነው?» ይላል። ቀጥሎ «አግብተሻል?» ይላል። ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው ነው፤ ስልኬን ያገኘው ከግሩፑ ነው። ለቅቄ ወጣሁ። ምክንያት ስጠየቅ «ሥራ በዝቶብኝ» አልኩ። ሴቶች ሲወጡ ሁሌም «ሥራ በዝቶብኝ» ነው የሚሉት። አትመኑ።

ሁለተኛው ኮሌጅ ሌላ ነው። አድሚኗ ሴት ናት። ሰው ስታስገባ አስቀድማ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ» የሚለውን «ማንም» አድርጉ ትላለች። ቀጥሎ አንድ ደንብ አላት፦ ኢንቦክስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ግሩፑ ላይ «መምህርት፣ ኢንቦክስ ብመጣ ይቻላል?» ይበል። ሁሉ ሰው እያየ የሚጠይቅ ሰው ክፉ ነገር አይጠይቅም። ከንቱ ነገር ይመስላል፣ ግን እኔ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ።

ለዋናው ጠያቂ፦ ያቺ ከአንተ በፊት የምትወጣዋ መምህርት ለምን ዝም እንዳለች ታውቃለህ? ጠይቀሃታል?

---

የማታ_ፈረቃ | ረቡዕ፣ ቀን 7:12

እውነት ለመናገር ግሩፑ ውስጥ መኖሯንም አላውቅም። ስሞቹ ሁሉ «ቤቢ»፣ «እግዚአብሔር መልካም ነው»፣ የአበባ ፎቶ ናቸው። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

---

ጠመኔ_በኪሴ | ረቡዕ፣ ቀን 7:30

ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ስም ከነኮርሱ ይጻፍ በሉ። «ሳራ፣ ስታት፣ ማታና ቅዳሜ» ዓይነት። ማንን እንደምትጠራ ካላወቅህ አትጠራም።

---

ባለ_ሜካፕ | ረቡዕ፣ ማታ 1:44

የኛ ላይ ፖለቲካ ገባና ተበታተነ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

---

ፋይናል_ላይ | ረቡዕ፣ ማታ 3:15

እኔ የራሴን ጉድ ላውራ።

ስልኬ ላይ ሁለት ግሩፕ ነበር። አንዱ «ስታት ማታ»፣ የተማሪዎች። ሌላው «ስታት መምህራን»። ሁለቱም ፎቶአቸው የኮሌጁ ሕንፃ ነው። ፋይናል ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሥራ ደክሞኝ ታክሲ ውስጥ ቆሜ፣ ሌላ መምህር አይቶ እንዲያርምልኝ ጥያቄውን በፒዲኤፍ ላክሁ። የት እንደላክሁ ገባችሁ።

ያወቅሁት «እናመሰግናለን ቲቸር» የሚል መልስ ሲመጣ ነው።

ለሁሉም ሰው አጠፋሁት። አራት ደቂቃ ቆይቷል። አራት ደቂቃ ለተማሪ ብዙ ነው። ወርዶ፣ ተባዝቶ፣ ሌላ ሴክሽን ደርሶ ነበር። እዚያው ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። ቤት ገብቼ አዲስ ፈተና ላወጣ ተቀመጥኩ፣ ጭንቅላቴ ግን አልሠራ አለ። ኃላፊው ጋ ብደውል በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ እንደማላገኝ አውቃለሁ። መምህራኑ ግሩፕ ላይ የሆነውን ሳልደብቅ ጻፍኩ።

ማንም አልሳቀም። አንዱ «3 ጥያቄ እልካለሁ፣ ፕሮባቢሊቲ ላይ» አለ። ሌላው «እኔ ኸይፖተሲስ ቴስቲንግ» አለ። አንዷ ከባህር ዳር ናት፣ አሁን እኛ ጋ አታስተምርም፣ ግን ከግሩፑ አልወጣችም ነበር። እሷም ላከች። እንዲህ አንድ በአንድ እየላኩ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ 30 ጥያቄ ተሞላ። ጠዋት አባዝቼ ገባሁ። ተማሪዎቹ ወረቀቱን ገልብጠው ሲያዩ ፊታቸው የተለወጠበትን ቅጽበት አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ፈተና በቻት አይላክም፣ በኢሜይል ነው። የመምህራኑ ግሩፕ ፎቶም ቀይ ሆኗል። ደማቅ ቀይ። ማንም አይሳሳትም።

---

አንቀጽ_በአንቀጽ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:50

ሁላችሁም ያላችሁት ደስ ይላል። እኔ ግን መራራውን ልናገር።

የሰዓት ክፍያችን ሁለት ወር ዘገየ። ግሩፑ ላይ አንዱ «እስከ መቼ ነው በነፃ የምናስተምረው?» ብሎ ጻፈ። ሌሎቻችን በእሳት ምልክት አጨበጨብንለት። በማግስቱ ስክሪንሾቱ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ክፍያው በሳምንቱ ገባ። የጻፈው ሰው ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ አልደረሰውም። ማንም «ተባረሃል» አላለውም። ለፓርት ታይመር መባረር የሚባል ነገር የለም። ስልኩ አይጠራም፣ በቃ።

እና ግሩፑ ምን ሆነ? ዝም አለ። እኛ እሳት የላክን ሰዎች ነን እኮ ያስበላነው።

አሁን ብዙ ሰው «ፎርዋርድ እንዳይደረግ መቆለፍ ይቻላል» ይላችኋል። ይቻላል፣ ስክሪንሾትም ይከለክላል። ግን በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትን ማን ይከለክላል? ስለዚህ ወርቃማው ደንብ አንድ ነው። ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የማትደፍረውን ግሩፕ ላይ አትጻፍ።

ሌላም ላክል። የቴሌግራም ግሩፕና ማኅበር አንድ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ክፍያ የሚያስጠይቅ እሱ ነው። ግሩፕ ሰው ያስተዋውቃል፣ ያዋድዳል። ተዋውቀው ካልተማመኑ ደግሞ ማኅበሩም አይመጣም። ስለዚህ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ከአቅሙ በላይ አትጫኑት ነው የምለው።

---

ጥቁር_ሰሌዳ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:02

ያ ሰውዬ አሁን የት ነው?

---

አንቀጽ_በአንቀጽ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:09

ሌላ ኮሌጅ ገባ። ያስገባው ከግሩፑ አንዱ ነው፣ በኢንቦክስ «እኛ ጋ ኮርስ አለ» ብሎት። ይኼንንም መናገር ነበረብኝ፣ አንተ ባትጠይቅ ልረሳው ነበር።

---

ሜሪላንድ_ሆኜ | ሐሙስ፣ ማታ 2:20

እናንተ ማታ ስትጽፉ እኔ ጋ ቀትር ነው፣ መኪናዬ ውስጥ ምሳ እየበላሁ ነው የማነባችሁ። ከአንዱ ካምፓስ ወደ ሌላው እየሄድኩ። እዚህ አሜሪካ «አድጀንክት» ይሉናል፣ ነገሩ ያው ፓርት ታይም ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። የሚከፈለኝ በኮርስ ነው። ተማሪ ካልሞላ ክፍሉ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ይሰረዛል።

ቢሮ የለኝም፣ ተማሪ የማገኘው ላይብረሪ ነው። ስለዚህ ዋናው ጸሐፊ «ወንበር የለንም» ሲል ሳቅሁ። ለካ ውቅያኖስ ተሻግሮም ወንበር የለም።

ኮሌጁ ለሁላችን ቲምስ (የማይክሮሶፍት የቻት ፕሮግራም) ላይ ቦታ ከፍቶልናል። ቆንጆ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ለአንድ ሴሚስተር ኮርስ ካላገኘሁ የኮሌጁ ኢሜይሌ ይዘጋል። ኢሜይሉ ሲዘጋ ቲምሱም ይዘጋል። ከሰው ጋር ተለማምጄ፣ ስም አውቄ፣ ድንገት በሩ ላይ ቁልፍ ተቀየረ። በተለይ ሥራ ባጣሁበት ሴሚስተር፣ ሰው በምፈልግበት ሰዓት።

ስለዚህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ዘጠኝ ሐበሾች የራሳችንን ቴሌግራም ከፈትን። ያ ማንም አይዘጋብንም። የት ኮርስ እንደተከፈተ፣ የትኛው ኃላፊ ቶሎ መልስ እንደሚሰጥ እንነጋገራለን። ክፍያና የሥራ ዋስትና ጉዳይ ደግሞ በዩኒየን፣ በሠራተኛ ማኅበር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ አድጀንክቶች ኤስኢአይዩ ሎካል 500 በሚባለው ዩኒየን ውስጥ ናቸው። አንቀጽ_በአንቀጽ ያለው ልክ ነው፣ ቻትና ዩኒየን የተለያየ ነገር ነው። ግን ስለ ዩኒየኑ መጀመሪያ የነገረችኝ አንዲት ደግ ሴት ናት፣ በቻት።

---

የሞጁል_ሰው | ሐሙስ፣ ማታ 3:40

የኛ ግሩፕ የተከፈተው መጋቢት 2012 ላይ ነው፣ ትምህርት ቤት በኮሮና የተዘጋ ሰሞን። ሃንዳውት ለመላላክ። ከዚያ ሳይታሰብ ቆየ። የመውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር ደግሞ የበለጠ ተጧጧፈ። የግል ኮሌጅ መምህር ሁሉ «ተማሪዬ ምን ሊጠየቅ ነው» ብሎ ፈርቷል፤ ማን የትኛውን ኮርስ እንደሚከልስ እዚያው ተከፋፈልን።

አንድ ነገር ግን አስታውሱ። ያንኑ ዓመት ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ተዘግቶ ነበር። ቪፒኤን ያለው ይገባል፣ የሌለው የለም። 60 ሰው ከነበረበት 15 ቀረን። በስም እንጂ በስልክ አንተዋወቅም ነበርና የጠፋውን መፈለጊያ መንገድ አልነበረም። ሲከፈት ያልተመለሱ አሉ። ዛሬ ስም፣ ኮርስ፣ ሰፈርና ስልክ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት አለን። ስልኩን የሚሰጠው የፈቀደ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት_ካምፓስ ያለችውን አንብቤያለሁ። ወረቀቷ የኔ ደብተር ውስጥ ታጥፋ ናት። የቻት ግሩፕ በወረቀት ይድናል ብል ይሳቅብኝ ይሆናል።

---

ጡረታ_ላይ | አርብ፣ ጠዋት 1:15

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ።

34 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ቅዳሜና እሑድ አንድ ኮሌጅ እንግሊዝኛ እሰጣለሁ። መጻፍ ጣቴ እምቢ ይላል፤ ይኼንንም ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

ዋናው ጸሐፊ «29 ሰው አይቶ ዝም አለ» ብለህ አዝነሃል። ልጄ፣ እኔ ከእነዚያ 29 ሰዎች አንዱን እመስላለሁ። ሁለት ዓመት ግሩፑ ውስጥ ነኝ፣ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። ግን በየምሽቱ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ። ማን ልጁ እንደታመመበት፣ ማን ማስተርሱን እንደጨረሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይስማማ አውቃለሁ። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የለም አትበል።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ አረፈች። ለኮሌጁ አልተናገርኩም። የእኛ ሰፈር ዕድር ድንኳን ተከለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ስድስት ሰባት የማላውቃቸው ወጣቶች ገቡ። ጫማቸው አቧራ ነበር፣ ቤቱን ፈልገው ፈልገው ነው የመጡት። ሥርዓቱን አድርሰው ተቀመጡ። እኔ የልጄ የሥራ ባልደረቦች መሰሉኝ፣ ልጄ ደግሞ የኔ ተማሪዎች መሰሏት። ቀስ ብዬ አንዱን «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አልኩት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቴዲ ፊዚክስ ነኝ» አለኝ። አጠገቡ ያለችውን እያሳየኝ «እሷ ደግሞ ሮዝ ናት፣ ሮዝ ባዮሎጂ» አለ።

ለካ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ልጁ ከጎንደር የመጣ ነው፣ ጥርሱን ታሞ ሁለት ቅዳሜ ቀርቶ ነበር። እሷ አዲስ ቤት ተከራይታ ውኃ የለም ብላ ስታማርር ነበር። ሐዘን ላይ ቁጭ ብዬ «ውኃው መጣልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ደነገጠች። «ጋሼ፣ ያነባሉ እንዴ?» አለችኝ።

ማን እንደነገራቸው ኋላ ሰማሁ። የኮሌጁ ጥበቃ ነው።

---

የማታ_ፈረቃ | አርብ፣ ጠዋት 2:02

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ነፍስ ይማር። እርስዎንም ያጽናዎት። ይኼን አንብቤ ቢሮ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ሰው እንዳያየኝ።

---

ሁለት_ካምፓስ | አርብ፣ ጠዋት 2:30

ያጽናዎት ጋሼ። ለልጅዎም ምስጋና፣ ስለጻፈችልን።

---

ኮርስ_ኦፈሪንግ | አርብ፣ ጠዋት 3:11

ጥበቃው ግሩፕ ውስጥ ቢኖር ኖሮ እኔ አላስፈልግም ነበር።

---

የማታ_ፈረቃ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 9:30

ቃል ባልገባም የሆነውን ልንገራችሁ።

ኃላፊውን ቢሮው ሄጄ አናገርኩት። ቻናል ከፍቼልሃለሁ፣ ግሩፑን ለመምህራኑ ብንተወው አልኩት። ይከፋዋል ብዬ ስፈራ «እኔ እኮ ከጥቅምት ጀምሮ ድምፁን ዘግቼዋለሁ» አለኝ። እዚያው ፊቴ ወጣ።

ቀጥሎ ስም ከነኮርሱ ይቀየር ብዬ ለመንኩ። 34ቱ ውስጥ 19 ቀየሩ። ሌሎቹ አሁንም አበባ ናቸው፣ ይሁን።

ሐሙስ ቢሮ ድንገተኛ ስብሰባ ተጠራ። ጠመኔ_በኪሴ እንዳለኝ ማንም ጋ ሳልደውል ጻፍኩ፦ «ዛሬ ምሽት 1 ሰዓት፣ ክፍል 302፣ ኮስት አካውንቲንግ። ስብሰባ አለብኝ። ማን ይተካኛል? ሰዓቱን እመልሳለሁ።» 20 ደቂቃ ዝም። ልቤ ዱብ ዱብ ይላል። ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ይዤ አያለሁ፣ አለቃዬ ስለ በጀት ያወራል።

ከዚያ አንዲት የአበባ ፎቶ መጣች። «እኔ እዚያው ነኝ። ከአንተ በፊት የምወጣው። ልቆይልህ?»

ቆየችልኝ። በማግስቱ በር ላይ ስንገናኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመን አወራን። ካመሰገንኳት በኋላ ቀልድ መስሎኝ ስለ ሰሌዳው አነሳሁ። «ሁሌ የማጠፋልሽ እኔ ነኝ እኮ» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።

«ላንተ ብዬ ነው የምተወው» አለች። «ልጆቹ እኮ አንድ ናቸው። ኮስት ከርቩን፣ የወጪውን ግራፍ፣ ከእኔ ይዘው ወደ አንተ እንዲሻገሩ። አንተ ገና እግርህ ሳይገባ ዳስተር ታነሳለህ። ይኼ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው ብዬ ነበር።»

ሁለት ሴሚስተር ሙሉ! በር ላይ «እንዴት አመሸሽ» ብቻ እየተባባልን።

ሐሙስ ዕለት እሷ ያንኑ ከርቭ ሳታጠፋ በላዩ ላይ ብሬክ ኢቨን (ወጪና ገቢ እኩል የሚሆኑበትን ነጥብ) ሠርታላቸዋለች። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ እንደዚህ ነው እንዴ የሚገናኘው?» አሉ አለችኝ። ቀናሁ ትንሽ።

አሁን የአንድ ሰዓት ተኩል ዕዳ አለብኝ። ማክሰኞ የእሷን ክፍል እገባለሁ፣ ኢላስቲሲቲ ላይ ናቸው። የተማርኩት ከ12 ዓመት በፊት ነው። ዛሬ እሑድ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነው።

---

ጠመኔ_በኪሴ | እሑድ፣ ቀን 9:52

ስላይድ አለኝ፣ 22 ገጽ፣ ምሳሌዎቹ በጤፍና በስኳር የተሠሩ ናቸው። ኢንቦክስ ብመጣ ይቻላል?